በሦስት ቁልፍ ስለተዘጋው ኢንተርኔትና ስለ ባለቤቴ የጠዋት ሬዲዮ

ሐምሌ 19 ቀን

ለኅብረት ጮራ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር
ለሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለክቡር አቶ ገብረጊዮርጊስ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ

ክቡር ሰብሳቢ፤

እንደምን ከረሙ? የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው ስብሰባ ላይ ያስቸግርዎት የነበረው ጉሮሮዎ ሁሉም ደህና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትዎንም ከሕመም ይጠብቅልን፤ ምንም እንኳ ምድር ቤት ስለሚኖሩ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ጉልበትዎ የሚፈተንበት አጋጣሚ ብዙ ባይሆንም።

አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር ይህ ነው። በሕንፃችን ያለው የጋራ ኢንተርኔት የሚሠራው በቀን ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ ሌንሳ በኢንተርኔት የምታዳምጠው የሬዲዮ ዝግጅት የሚተላለፈው ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ሌንሳን ባለፈው ታኅሣሥ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ተይዘው ነበር። እንደገና መናገር የጀመረችው በዚያ ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ ከተቋረጠባት ዛሬ ስምንት ሳምንት ሞልቶታል፤ ያገኘቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ እየጣለች ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ላስረዳ። ኢብራሂም የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ አለ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ አለው። የሌንሳን መታመም ሰምቶ በመጋቢት ወር ሊጠይቀን ሲመጣ፣ ሌላው ጠያቂ ሙዝና ብርቱካን እንደሚያመጣ፣ እሱ መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ሣጥንና ሁለት ድምፅ ማጉያ በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ሣጥኑ ኔትወርክ ማጫወቻ ይባላል። አንቴና የለውም፤ ከአየር ላይ የሚቀበለው ነገር የለም። ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኝና በኢንተርኔት የሚያሠራጩ የሬዲዮ ጣቢያዎችን በስማቸው ፈልጎ ያጫውታል። ኢብራሂም ከአልጋው አጠገብ ካስቀመጠው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ካርታ ላይ በዘንግ እየነኩ ያሳዩን አገር ሁሉ እዚህ ውስጥ ገብቷል፤ እትዬ ሌንሳ በግራ እጃቸው እቺን ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው» አለኝ።

ሌንሳ አዞረች። ለሁለት ቀን ያህል የማናውቀውን ቋንቋ ሁሉ ሰማን። በሦስተኛው ቀን ከተወለደችበት ከወሊሶ አካባቢ የሆኑ ሰዎች በኢንተርኔት ብቻ የሚያሠራጩትን አንድ ትንሽ ጣቢያ አገኘች። በዚያ ጣቢያ ሳዲያ የምትባል አዘጋጅ በየጠዋቱ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች በኋላም እንደ ሌሎች አዘጋጆች ወደ ዘፈን አትሮጥም፤ አድማጩ በቤቱ ሆኖ የሚመልስበትን ጊዜ ዝም ብላ ትተወዋለች። እኛን የጠቀመን ያ ዝምታ ነው። አንድ ጠዋት ሳዲያ «በር የሌለው ቤት ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃ ዝም እንዳለች፣ ከአልጋው በኩል «ሀንቃቁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንቁላል ማለት ነው። ሌንሳ ከታኅሣሥ ወዲህ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። እኔ በእጄ የያዝኩትን ሻይ ጉልበቴ ላይ ደፋሁት፤ እሷም ሳቀችብኝ።

ሐኪሟ ይህን ሲሰሙ «ሌላ መድኃኒት ከእኔ አይጠብቁ፤ ይቺን የሬዲዮ ሴትዮ አንድም ቀን እንዳታቋርጡባት» አሉኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የምትናገረውን ቃል ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ፤ በግራ በኩል ኦሮምኛው፣ በቀኝ በኩል አማርኛው። ሁሌም የሚከተለው በቀኝ ያለው ነበር፤ ጠዋት ለሳዲያ በኦሮምኛ የመለሰችውን ከሰዓት በኋላ ለእኔ በአማርኛ ትደግመዋለች። በሚያዝያ መጨረሻ ስድሳ አንድ ቃል ደርሰን ነበር። ዛሬ ሃያ ሁለት ላይ ነን።

እንግዲህ በዚህ መካከል ኮሚቴው ላደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓቱ።

በግንቦት ወር የተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ፊልም እያየ እንዳያድርና ጎረቤት እንዳይረብሽ በማሰብ፣ «የሕንፃው የጋራ ኢንተርኔት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ክፍት ይሆናል» ብሎ ወሰነ። ከማለዳው አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ ሦስት ማለት እንደ ሆነ በአዳራሹ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። እኔም ሌንሳን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ወርጄ ነበርና እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ፤ ስለዚህ የዚህ ነገር ተካፋይ መሆኔን አልክድም።

ቃለ ጉባኤው ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለውን ማሽን ለሚያስተካክለው ባለሙያ ተሰጠ። ማሽኑ የውጭ አገር ነው፤ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ደግሞ ከፀሐይ መውጫ እንቆጥራለን። ባለሙያው በወረቀቱ ላይ ያገኘውን አሥራ ሁለትና ሦስት እንዳለ አስገባ። ለጥንቃቄ ሲልም «የቀኑ ነው የሌሊቱ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «የቀኑ ነው እንጂ፤ ሌሊትማ ከልክለናል» የሚል መልስ እንደ ተሰጠው በቦታው የነበሩ ነግረውኛል። የማሽኑ የቀን አሥራ ሁለት የእኛ ስድስት ሰዓት ነው፤ የማሽኑ ሦስት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚህ መንገድ አሥራ አምስት ሰዓት ሊከፈት የተወሰነው ኢንተርኔት ለሦስት ሰዓት የሚከፈት ሆነ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እዚህ ላይ ጥፋተኛ የለም። ጉባኤው ትክክለኛውን ወሰነ፣ ጸሐፊው የተወሰነውን ጻፉ፣ ባለሙያው የተጻፈውን አስገባ፣ ማሽኑም የታዘዘውን ይፈጽማል። ሠላሳ አራት ዓመት ባስተማርኩበት ዘመን ይህን ያህል በሥርዓት የተሠራ ስሕተት አርሜ አላውቅም።

ይህን ለማስረዳት ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «መምህር፣ ጉባኤው አሥራ ሁለት አለ፤ ማሽኑም ይኸው አሥራ ሁለት ይላል። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። በማግሥቱ ሉልና የእጅ ባትሪ ይዤ መጣሁ። ፀሐይ የቱ ጋ ስትሆን በእኛ ስንት ሰዓት፣ በማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሚሆን እያዞርኩ አሳየሁ። እርስዎ «ይሄማ የልጆች ነው፣ መምህር» አሉ። ጸሐፊው አቶ አብዱልሃኪም ግን ሉሉን ከእጄ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ከመረመሩ በኋላ «ዱባይ የቱ ጋ ናት?» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ለትምህርቱ ፍላጎት በማሳየቱ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሦስቱ ቁልፎች።

የእድር ሣጥን በሦስት ቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፎቹም በሦስት ሰው እጅ ይቀመጣሉ፤ ሦስቱ ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት የእድርተኛው ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ እንዳይወድቅ ነው፤ መልካም ሥርዓት ነው። ኮሚቴው ይህንኑ ሥርዓት ወደ ኢንተርኔት አምጥቶታል። ራውተር የሚባለው ይኸው ማከፋፈያ ማሽን በደረጃው ሥር በብረት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። አንደኛው ቁልፍ በእርስዎ ዘንድ ነው፤ ሁለተኛው በጸሐፊው በአቶ አብዱልሃኪም ዘንድ ነው፤ ሦስተኛው በተቆጣጣሪው በአቶ ዓባይነህ ዘንድ ነው።

አቶ ዓባይነህ ሣጥኑ በተዘጋ ሰሞን ቤታቸውን አከራይተው ወደ አዳማ ሄደዋል። ሲሄዱ ሁሉንም ዕቃ አስረክበዋል፤ የተከራዩን የመብራት ቆጣሪ ሳይቀር አስመዝግበዋል፤ ቁልፉን ግን ማንም በምትካቸው ስላልተመረጠ ይዘውት ሄደዋል። ደወልኩላቸው። እጅግ በጨዋነት፣ «መምህር፣ ቁልፍ አደራ ነው፤ በሹፌር እጅ የሚላክ ነገር አይደለም፤ እኔው ራሴ እመጣለሁ» አሉኝ። ለሰኔ ሚካኤል እንደሚመጡ ነገሩኝ። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ስደውል፣ መንገዱ ጭቃ ስለ ሆነ ክረምቱ ሲወጣ እንደሚሻል ነገሩኝ። ስለ ሌንሳ ጤናም ጠይቀውኛል፤ «ሰላም በሉልኝ፣ ድምፃቸውን አንድ ቀን እሰማለሁ» ብለዋል።

ኢብራሂም ከሣጥኑ ፊት ቆሞ ማሽኑን ማግኘት ከቻለ ሰዓቱን ለማስተካከል የሚፈጅበት ሁለት ደቂቃ እንደ ሆነ ነግሮኛል። ሳይነካው ከሩቅ ሆኖ እንዲያስተካክል ደግሞ የይለፍ ቃሉ ያስፈልገዋል። የይለፍ ቃሉ እንዳይጠፋ በማሰብ ኮሚቴው በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ማኅተም መትቶ በዚያው በብረት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ለዚህ ጥንቃቄ ምስጋና የምገልጽበት ቃል አጥሮኛል፤ በቤታችን ቃል ያጠረን ሰዎች አሁን ሁለት ሆነናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሠላሳ ሺህ የሬዲዮ ጣቢያዎች።

ኢብራሂም መሣሪያውን ባመጣ ቀን የበሩ ጥበቃ ጋሽ ከሊፋ «ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። ቀልደኛ ነውና «ሠላሳ ሺህ የሬዲዮ ጣቢያ» አላቸው። ጋሽ ከሊፋም «ታዲያ ይሄ ሁሉ ጋዜጠኛ በየት በኩል ሊወጣና ሊገባ ነው?» ካሉት በኋላ፣ ሰውየው ሥራቸውን አክባሪ ናቸውና፣ በዕቃ መግቢያ መዝገቡ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 27፤ የሬዲዮ ጣቢያ፤ ብዛት 30,000»።

በሁለት ወር ውስጥ ከኮሚቴው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ጣቢያ ከፍቶ ማሠራጨት ከመተዳደሪያ ደንቡ ውጭ ስለ ሆነ የሥራ ፈቃድ እንዳቀርብ ያዛል። መሣሪያው የሚቀበል እንጂ የሚያሠራጭ እንዳልሆነ በሦስት ገጽ ጽፌ አስረዳሁ። ኮሚቴው ማብራሪያዬን ከተመለከተ በኋላ፣ ፈቃድ የማያስፈልገኝ ከሆነ ፈቃድ እንደማያስፈልገኝ የሚገልጽ ማስረጃ ከሚመለከተው አካል እንዳመጣ በሌላ ደብዳቤ አሳወቀኝ። የሚመለከተውን አካል ፈልጌ ሄድኩ፤ በመስኮቱ በኩል የነበረችው ልጅ በአክብሮት «አባቴ፣ ለማያስፈልግ ነገር ወረቀት አንሰጥም» አለችኝ። ትክክል ናት። ኮሚቴውም ወረቀት ካላየ ጉዳዩን አልዘጋም አለ፤ እሱም በበኩሉ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። በሁለት ትክክል መካከል ጉዳዬ ክፍት ፋይል ሆኖ ተቀምጧል።

አራተኛ፤ ስለ ግል መስመር።

የራሴን መስመር ለማስገባት አመለከትኩ፤ ሠራተኞቹም በቀጠሮአቸው መጡ። ጋሽ ከሊፋ ከበሩ መለሷቸው። ወርጄ ብጠይቃቸው፣ «ጋሼ፣ እኔን አይቆጡኝ፤ የጣቢያው ጉዳይ ሳያልቅ ወደ ሃያ ሰባት ቁጥር ሽቦ እንዳይገባ ተብያለሁ» አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው ነው የተናገሩት። አልተቆጣሁም።

አምስተኛ፤ ስለ ተሰጠኝ ምክር።

ኮሚቴው ክልከላ ብቻ ሳይሆን ምክርም ሰጥቶኛል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። «ኤፍ ኤም ይስሙ» ተብዬ ነበር። ኤፍ ኤም እንሰማለን፤ በኤፍ ኤም ላይ ሳዲያ የለችም፤ ጠይቆ ዝም የሚልም ሰው የለም። «ክፍት በሆነው ሰዓት ያዳምጡ» ተብዬም ነበር። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያ ጣቢያ ዘፈን ብቻ ነው የሚያሰማው፤ የጠዋቱን ዝግጅት አያስቀምጠውም፣ አይደግመውም፤ ሌንሳም መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ይጥላታል። «በስልክ ይጠቀሙ» የሚል ምክርም ደርሶኛል። ስለዚህኛው ትንሽ ላብራራ።

ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ወይዘሮ ዙሃራ ይኖራሉ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እኔ ወደ ገበያም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት የምወርደው እሳቸው ከሌንሳ ጋር ሲቀመጡልኝ ብቻ ነው። በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ቀሩና ስልካቸውን ከመሣሪያው ጋር አገናኙ። ከሰንጋ ተራ በኩል የሚሠራው ሕንፃ አንድ ፎቅ በጨመረ ቁጥር የስልካችን ኔትወርክ ይቀንሳልና፣ ወይዘሮ ዙሃራ በመተላለፊያው መስኮት በኩል ክንዳቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ድምፁ አሥራ አንድ ጊዜ ተቋረጠ። ክንዳቸው ሲዝል «መምህር፣ ተሰማ ወይ? አሁንስ?» እያሉ ከውጭ ይጠይቁ ነበር። ሌንሳ ያን ቀን የጠፉባትን ሦስት ቃላት አስመለሰች፤ አራተኛ አድርጋም «ዙሃራ» አለች። ወይዘሮ ዙሃራ መተላለፊያው ላይ እንደ ቆሙ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ሌላ ፎቅ ጨምሯል፤ በመስኮቱም በኩል የሚገኝ ነገር የለም። ቢኖርስ አንዲት ነጋዴ በየጠዋቱ ሱቋን ዘግታ ክንዷን በመስኮት እንድታወጣልኝ በምን አፌ እጠይቃለሁ?

ስድስተኛ፤ ስለ ጠቅላላ ጉባኤው።

የጉባኤን ውሳኔ የሚያሻሽል ጉባኤ ብቻ እንደ ሆነ፣ ለዚህም ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚሆነው ባለቤት መገኘት እንዳለበት ነግረውኛል። ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። በመጀመሪያው አምስት ሰው መጣ። በሁለተኛው ዘጠኝ ሰው መጣ፤ ከዘጠኙ አራቱ ከዝናብ ሊጠለሉ የገቡ መንገደኞች ነበሩ፤ ሲያባራም አመስግነው ሄዱ። ሌላው ነዋሪ ቀን ሥራ ላይ ነው፤ ማታ ደግሞ በስልኩ ጥቅል ይገዛል፤ ችግሩ የእሱ አይደለም፤ አልፈርድበትም።

ሰባተኛና የመጨረሻው ለኮሚቴው ሳይሆን ስለ ቤቴ ነው፤ ግን እዚህ መጻፍ አለበት።

ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ከቤታችን እስከ ምድር ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ሌንሳ ከታኅሣሥ ወዲህ የወረደችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አራት ሰው ተሸክሟት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው መስኮት ወደሚሠራው ሕንፃ ያያል፣ ሁለተኛው ወደ ደረጃው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰዓት የሚነግራት ሳያስፈልግ ወደ ጥቁሩ ሣጥን ትጠቁማለች። እከፍተዋለሁ። በትንሿ መስታወት ላይ ግንኙነት እንደሌለ የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። በግራ እጇ ቁልፉን ታዞራለች፤ ታዞራለች፤ ከዚያ እኔን ትመለከተኛለች። ስለ ቃለ ጉባኤው፣ ስለ ብረቱ ሣጥን፣ ስለ አዳማው ቁልፍ በአማርኛም፣ በምችላት በጥቂት ኦሮምኛም ላስረዳት ሞክሬያለሁ። ልታምነኝ አልቻለችም። ሳዲያን የዘጋሁባት እኔ እንደ ሆንኩ ነው የሚመስላት። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ዋሽቼአት አላውቅም፤ አሁንም አልዋሸሁም፤ ነገር ግን እውነቱ ከውሸት ይልቅ የማይታመን ሆኖብኛል።

ክቡር ሰብሳቢ፤ ውሳኔው ይሻር አላልኩም። ውሳኔው ጥሩ ነው፤ እንዲያውም የምለምነው ውሳኔው እንዲፈጸም ነው። ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች አንዱን ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ምርጫውን ለእርስዎ ትቻለሁ። ወይ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት በአቶ ዓባይነህ ቁልፍ የሚከፈተው ጓጉንቸር ተቆርጦ ሣጥኑ ይከፈት፤ የተቆረጠውን በአዲስ ጓጉንቸር እኔው እተካለሁ፣ አዲሱንም ቁልፍ በሚመርጡት ሰው እጅ ያኑሩት። ወይ የግል መስመር እንዳስገባ አንዲት መስመር ደብዳቤ ለጋሽ ከሊፋ ይጻፉላቸው። ወይ ደግሞ በየጠዋቱ አንድ የኮሚቴ አባል ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ መሣሪያው ለምን ዝም እንዳለ ለባለቤቴ ራሱ ያስረዳት። ወንበር አዘጋጃለሁ።

ስለ ደረሱኝ ስድስት ደብዳቤዎች፣ ሁሉም ቁጥርና ቀን ስለነበራቸው፣ ማኅተሙም በትክክለኛው ቦታ ስላረፈ፤ በቢሮዎ ስላስቀመጡኝ ሰዓታት፣ ሰው ሁልጊዜ ቤቱ መዋል እንደማይገባው ስላስታወሱኝ፤ ከሁሉም በላይ የማኅበራችን ኢንተርኔት ከሌባ፣ ከመብረቅና ከተጠቃሚ ፍጹም ተጠብቆ እንዲቀመጥ ስላደረጉ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ለእርስዎና ለክቡራን የኮሚቴ አባላት ያለኝ አክብሮት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ቀንና ሌሊት ክፍት መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በደረጃው ላይ ካገኙኝም እንደ ወትሮው ቆሜ እጅ ነሥቼ እንደማሳልፍዎ ቃል እየገባሁ፣

ታዛዥዎ

ጴጥሮስ ዳርጌ
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር
አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 27

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤

ይህን ደብዳቤ በንጹሕ ወረቀት እየገለበጥኩ ሳለሁ በደብተሬ ላይ አንድ አዲስ ቃል ገብቷል፤ ከ«ዙሃራ» ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ የተማረችውም ከሳዲያ ሳይሆን ከእኔ አፍ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሌንሳ ውሃ ፈልጋ ልትጠራኝ ስትል ስሜ ጠፋባት። ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ከዚያ ፊቷ በራና ጥርት አድርጋ «ኮሚቴ!» ብላ ጠራችኝ። አቤት ብዬ ውሃውን ሰጠኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምትጠራኝ በዚሁ ነው። ሌላ ስብሰባ ሳይጠብቁ እስከ ሰኞ ይመልሱልኝ።